ልጁ «አይሆንም» ባለ ጊዜ

ለኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት
አዲስ አበባ



የምጽፍላችሁ ከመተማ ዮሐንስ ነው። የድንበሩን ድልድይ ወደ ሱዳን ሲሻገሩ ገላባት፣ ከዚያ ወዲያ ገዳሪፍ ነው። ሰሊጥ አጫጁ በዚህ መንገድ ይሄዳል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ቤተሰብ ጦርነት ሸሽቶ ልጁን አዝሎ በዚሁ መንገድ መጣ፤ በኩመርና በአውላላ የስደተኞች መጠለያዎችም ትልቅና ትንሽ በአንድ ሸራ ሥር አደረ።

ቁርአን አስቀራለሁ። ሱረቱ አን-ኑርን በቃሏ የያዘች ተማሪዬን፣ በ58ኛው አንቀጽ ልጆች ሳያስፈቅዱ እንዳይገቡ የታዘዙባቸውን ሦስት ጊዜያት ጠየቅኋት። ዝም አለች። ጊዜያቱ ከፈጅር በፊት፣ ልብስ በሚወልቅበት ቀትር፣ ከዒሻ በኋላ ናቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ድምፁን አስይዤ ትርጉሙን ነፍጌያታለሁ። ገላ ክብር እንዳለው ለሕፃን የሚነገርበት ከዚህ የተሻለ ቦታ የት አለ? ልጆች አሥር ዓመት ሲሞላቸው መኝታቸው ይለይ የሚለው አቡ ዳውድ የዘገቡት ሐዲስም አለ፤ እኛ ግን በዚያው ሐዲስ የታዘዘውን ሰላት አጥብቀን መኝታውን እናልፈዋለን።

ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጠጥ ቀረበላቸው። በቀኛቸው አንድ ልጅ፣ በግራቸው ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ከጠጡ በኋላ ለሽማግሌዎቹ ላስቀድም ወይ ብለው ልጁን አስፈቀዱት። ልጁ አይሆንም አለ። አልተቆጡትም፤ ጽዋውን በእጁ ሰጡት።

ሱዳኖች ግን ልጃቸውን ለኸልዋ (የቁርአን ትምህርት ቤት) ሸይኽ ሲያስረክቡ «ሥጋው የእናንተ፣ አጥንቱ የእኛ» ይላሉ። የእኛም ወላጆች ከዚህ አይርቁም። እሺ ማለት ብቻ የተማረ ልጅ ክፉ እጅ ሲዘረጋበት በምን ቃል ይመልሰው? ደፍሮ ለእናቱ ቢነግር እንኳ «ነውር ነው፣ ዝም በል» ይባላል።

በአዋጅ ቁጥር 1207/2012 ሕጋዊ ሰውነት ያገኛችሁ ተቋም ናችሁና ቃላችሁ እስከ ድንበር ይደርሳል። እነዚህን አንቀጾችና ሐዲሶች ለልጅ በሚገባ አማርኛና ዐረብኛ አዘጋጅታችሁ ወደ መድረሳዎች ላኩልን። ማንም ኡስታዝ፣ እኔንም ጨምሮ፣ በተዘጋ በር ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን እንዳይቀመጥ በጽሑፍ እዘዙን። ልጅ ተነካሁ ብሎ ሲናገርም ጉዳዩ በሽምግልና እንዳይድበሰበስ፣ በዚያው ቀን ለፖሊስ እንዲደርስ አድርጉ።

ወሰላም፣
ከመተማ ዮሐንስ አንድ የቁርአን መምህር