ፍጥነት በምን ይመዘናል?

የአንድ ሥራ ዋጋ የሚታወቀው በመለኪያው ነው። መለኪያው የተሳሳተ እንደሆነ ግን ደኅናው ሥራ እንደ ከንቱ፥ ከንቱውም እንደ ደኅና ይቈጠራል። ፈጣን ኮምፒዩተሮችን የሚነድፉ መሐንዲሶች ይህን የተማሩት ብዙ ገንዘብና ድካም ከፍለው ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ስትሬች» የሚባል ኮምፒዩተር ለሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ለመሥራት ተዋዋለ። ዓላማውም 704 ከተባለው ከቀድሞው ኮምፒዩተር 100 እጥፍ የሚፈጥን አድርጎ ለመሥራት ነበር። በ1961 ዓ.ም. ተሠርቶ ሲለካ ግን ፍጥነቱ 30 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ እርሱን የሚቀድም አልነበረም፤ ሆኖም ተስፋው ስላልተፈጸመ ኩባንያው ዋጋውን ከ13.5 ሚሊዮን ወደ 7.78 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ አድርጎ ሽያጩን አቆመ።

ታዲያ ስትሬች ከንቱ ድካም ነበርን? አልነበረም። 8 ቢት ያለውን ባይትና የአንዱን ፕሮግራም ማስታወሻ ከሌላው ጥፋት የሚጠብቀውን ዘዴ የመሰሉ ሐሳቦች በ1964 ዓ.ም. ወደ ወጣው ሲስተም 360 ተላልፈው ፍሬ ሰጡ። ኩባንያውም ስሕተቱን ተረድቶ የሥራውን መሪ ስቲቨን ደንዌልን በ1966 ዓ.ም. ለሊቃውንቱ በሚሰጠው ከፍተኛ ማዕርግ አከበረው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ አንድ ቍጥር ብቻውን ዳኛ ሊሆን አለመቻሉን ነው። ጂን አምዳል በ1967 ዓ.ም. ባስረዳው መሠረት፥ ከሥራው ከመቶ 90 እጁ ለ1,000 ማስሊያዎች ቢከፋፈልና 10 እጁ በተራ የሚሠራ ቢሆን፥ ጠቅላላው ፍጥነት 10 እጥፍ አይሞላም። የዘገየው ክፍል የፈጠነውን ሁሉ ይዞ ያስቀራልና።

የጃፓኑ ፉጋኩም በ2020 ዓ.ም. ሊንፓክ በተባለው መለኪያ በሴኮንድ 442 ሺህ ትሪሊዮን ስሌት ሠራ። ከማስታወሻ ብዙ ቍጥር ማመላለስን በሚጠይቀው ሌላ መለኪያ ግን 16 ሺህ ትሪሊዮን ብቻ ሆነ። ኮምፒዩተሩ አንድ ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው። በሁለቱም መለኪያ ደግሞ በዚያ ዓመት ከዓለም አንደኛ ነበር።

ስለዚህ አንድን ዕቅድ የሚመረምር ወጣት ሹምም ሆነ ትምህርቱን የሚከታተል ተማሪ፥ «ምን ያህል ይፈጥናል?» ከማለቱ በፊት «ለየትኛው ሥራ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ቀጥሎም ሥራውን የሚያዘገየው የትኛው ክፍል እንደሆነ ይፈልግ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በፍርድ የቸኮለ ሰውም የጣለውን መልሶ ለማንሣት ዓመታት ይፈጅበታል ብለን እናምናለን።