ሚስተር ግሪፊንን የገደለው ማን ነው?

ሰሞኑን በሴቶችም በወንዶችም መኝታ ቤት ከእጅ ወደ እጅ የምትዞር፣ ሽፋኗ የተገነጠለ አንዲት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አለች። ርእሷን ወደ አማርኛ ብንመልሰው «ሚስተር ግሪፊንን መግደል» ማለት ነው። ሚስተር ግሪፊን ማን መሰላችሁ? መምህር ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ መምህራችን ይህችኑ መጽሐፍ ከአንዲት ሠልጣኝ ደብተር ሥር አይተው፣ «ነገ መምህር የምትሆን ልጅ መምህር የሚገደልበት መጽሐፍ ታነባለች? ኧረ የሰው ያለህ!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ልጅቱ መጽሐፏን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቀና አላለችም። እኛም አብረን ሳቅን፤ ውለን አድረን ስናስበው ግን ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም። መምህራችንን እናከብራለን። በዚህ ነገር ግን ከእሳቸው ጋር አንስማማም፤ የማንስማማበትንም ምክንያት በዚህ ዓምድ እንናገራለን።

መጽሐፏን የጻፈችው ሎይስ ደንከን የተባለች አሜሪካዊት ደራሲ ስትሆን የታተመችውም እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ታሪኩ በኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት በሚገኝ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀምራል። ሚስተር ግሪፊን የእንግሊዝኛ መምህር ነው። ጥብቅ ነው፤ የዘገየ የቤት ሥራ አይቀበልም፣ ነጥብ አይለግስም፣ ምስጋና ከአፉ አይወጣም። የተማረሩ ተማሪዎች «አፍነን እናስፈራራው፣ እግራችን ሥር ወድቆ ይለምነን፣ ከዚያ እንለቀዋለን» ብለው ይመክራሉ። እንዳሉትም አፍነው፣ እጅ እግሩን አስረው፣ ዓይኑን ሸፍነው ተራራ ላይ ይወስዱታል። ሰውየው ግን አይለምንም። የልብ ሕመም አለበትና የሚጠይቀው መድኃኒቱን ብቻ ነው፤ መሪያቸው መድኃኒቱን ፊቱ ላይ ይደፈጥጠዋል። ትተውት ይሄዳሉ። ማታ ሁለቱ ልባቸው አላስችል ብሏቸው ሲመለሱ ሞቶ ያገኙታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወንጀልን በወንጀል መሸፈን ነው።

ደራሲዋ ተንኮለኛ ናት። መጀመሪያ ላይ አንባቢው ከተማሪዎቹ ጋር እንዲያድም ታደርገዋለች። እውነቱን እንናገር፤ እኛም አድመናል። ጥቂት ገጽ እንደሄድን «ይበለው!» ያልን ሞልተናል፤ ሁላችንም በሕይወታችን አንድ ሚስተር ግሪፊን አናጣምና። በመሐሉ ግን የሰውየውን ቤት ትከፍትልናለች። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። እሱም የኮሌጅ መምህርነቱን ትቶ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የወረደው ተማሪዎች ሳይዘጋጁ እንደሚመጡ አይቶ፣ «ቀደም ብዬ ልድረስላቸው» በማለት ነው። ይህን ሁሉ አንድም ቀን ለተማሪዎቹ አልነገራቸውም። እዚህ ላይ አንባቢው ያፍራል። የተማሪ ቂም ከውስጥ ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ የመምህር ዝምታም ምን ያህል እንደሚያስወጣ በትምህርት ሥነ ልቦና ማስታወሻችን ውስጥ እንዲህ ተጽፎ አላየንም። በሁለቱም ወንበር አስቀምጣ የምታሳይ መጽሐፍ ለዕጩ መምህር ካልሆነች ለማን ልትሆን ነው?

እርግጥ ነው፣ «ወጣቱን ወንጀል ታስተምራለች» የሚሉ በአገሯም አልጠፉም። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 1999 ድረስ ብዙ አቤቱታ ከቀረበባቸው መቶ መጻሕፍት መካከል ዘርዝሯታል። ይሁንና ፍርድን በራስ እጅ የመስጠት ታሪክ ከባሕር ማዶ የመጣብን ይመስል መደንገጥ አይገባም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ገበሬውን አስከትሎ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሣውን አበጀ በለውን ስናነብ ያላጨበጨበ ማን አለ? ታናናሽ ወንድሞቻችንም ስም የተጻፈበት ሰው ሁሉ የሚሞትበትን የጃፓኖች «ዴዝ ኖት» በስልካቸው እያዩ «ወንጀለኛ ብቻ ከገደለ ምን አለበት?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ክፍላችን ድረስ መምጣቱ አይቀርም። መምህሩ በሳቅ ቢያባርረው ልጁ መልሱን ሌላ ቦታ ያገኛል።

እኛ በመጽሐፏ ላይ ያለን ቅሬታ ሌላ ነው። በመጨረሻ ጥፋቱ በመሪው ልጅ በማርክ ላይ ይከመራል፤ አእምሮው የታመመ፣ ርኅራኄ ያልፈጠረበት ሰው ሆኖ ይገኛል። አንባቢም «እፎይ፣ እኔ ማርክ አይደለሁም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ነገሩ እንዲህ ቀላል ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር!

ከዝግጅት ክፍላችን ሦስታችን የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ልጆች ነን። እዚያ እያለን አንድ ምሽት ስልክ ጠፋ። ሌባ የተባለው ልጅ ባለፈው ቅዳሜ አዲስ ጫማ ገዝቷል፤ ማስረጃው ይኸው ነበር። መብራት ከጠፋ በኋላ ከአልጋው አወረዱት። ከሦስታችን አንዱ በሩን ያዘ፤ አንዱ ባትሪ አበራ፤ አንዱ ብርድ ልብሱን እስከ ራሱ ተከናንቦ የተኛ መሰለ። በቀበቶ የመቱት ሌሎች ነበሩ። ማርክ የሚባል ክፉ ልጅ በመካከላችን አልነበረም፤ የደረጃ ተማሪዎች፣ የክበብ አባላት፣ ደህና ልጆች ነበርን። «ተዉ» ያለ ግን ከእኛ ወገን አልተገኘም። ያቆመው ዘበኛው ነው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ በር ላይ ቆመው «በሕግ አምላክ!» አሉ፤ ቀበቶ የያዘው እጅ አየር ላይ ቀረ። ድሮ ተጣልቶ የተያያዘ ሰው ይህን ቃል ከመንገደኛ አፍ ሲሰማ እጁን ይሰበስብ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር ይባላል። ስልኩ በማግስቱ ተገኘ። ባለቤቱ ራሱ ሻይ ቤት ቻርጅ ላይ ረስቶት ነበር።

(የደቦ ፍርድ የሚሉት ይህን ነው። ደቦን ያህል ሰው የሚጠቅም ነገር እንዲህ ላለ ሥራ ስሙን ማዋሱ ሁልጊዜ ያሳዝነናል።)

ስለ ደራሲዋ አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1989 የሎይስ ደንከን የ18 ዓመት ሴት ልጅ በአልበከርኪ ከተማ መኪናዋን እየነዳች ሳለ በጥይት ተመትታ ሞተች። እናትየው በፖሊስ ምርመራ አልረካችምና ራሷ ፍለጋ ገባች፤ በ1992 ባወጣችው መጽሐፍ ጥርጣሬዋ በይበልጥ ያረፈው ልጅቱ ታውቃቸው በነበሩ ሰዎች ላይ ነው። ደራሲዋ በ2016 አረፈች። በ2021 ልጅቱን የገደልሁ እኔ ነኝ ብሎ ለፖሊስ የተናገረው ሰው ግን ከእነዚያ ወዳጆቿ ወገን አልነበረም። እንግዲህ ይህች የተቃጠለች እናት ብዕር በማንሳት ፈንታ ሽጉጥ አንስታ ቢሆንስ ኖሮ? ሃያ ሰባት ዓመት መጠየቅና ሃያ ሰባት ዓመት አለመፍረድ ምን ያህል እንደሚከብድ ልጅ የሌለን እኛ ልንገምት አንችልም።

ስለዚህ የምንለው፣ መጽሐፏ ከደብተር ሥር ትውጣ። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አንድ ሰዓት ይሰጣትና እንከራከርባት። ክርክሩ ግን «ማርክ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም» በሚል አይሁን፤ እሱን ሕፃንም ያውቀዋል። በሩን ስለያዘው፣ ባትሪ ስላበራው፣ ብርድ ልብስ ስለተከናነበው ይሁን። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ቀበቶ ከሚይዝ ተማሪ ይልቅ በብዛት የሚያጋጥሙን እነዚህ ናቸው።

ያ ልጅ በዚያው ሳምንት ፍራሹን ጠቅልሎ ሄደ፤ ትምህርቱን እዚያ አልጨረሰም። ይቅርታ የጠየቀው አልነበረም። ከሦስታችንም ቁጥሩን አፈላልጎ የደወለለት እስከ ዛሬ የለም።

መጽሐፏ አሁን ከዝግጅት ክፍሉ ዘንድ ናት። ለማንበብ የሚፈልግ ስሙን ከዚህ ጽሑፍ ግርጌ በእርሳስ እየጻፈ ተራ ይያዝ። መምህራችን ከፈለጉ ግን ተራ አንጠብቃቸውም።

የዝግጅት ክፍሉ