ዓርብ ሳይውል እሑድ አይነጋም

የ55 ቀኑ ጾም ሊያልቅ ሲቃረብ በየቤቱ የሚሰማው ወሬ የዶሮና የበግ ዋጋ ነው። ደመወዝተኛው ደመወዙ ከበዓሉ በፊት እንዲደርስለት ይመኛል፤ ተማሪውም ደብተሩን አጥፎ ወደ ወላጆቹ የሚሄድበትን መኪና ይጠባበቃል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ደስታ ያለ ማዕድ አይሞላምና። ነገር ግን አንባቢዎች ሆይ፣ የበዓሉ ምክንያት ከማዕዱ በስተኋላ ተሸፍኖ እንዳይቀር አንድ ነገር መጠየቅ ይገባናል። ክርስቲያን «እርሱ ሞቶ በመነሣቱ እኔ ዳንሁ» ሲል ምን ማለቱ ይሆን?

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛችን ከበሽታ የተፈወሰውም፣ ከገደል የተረፈውም፣ ከኃጢአት የተላቀቀውም አንድ ዓይነት «ዳነ» ይባላል። መድኃኒትና መድኃኔ ዓለም የሚሉት ቃላትም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ ድኅነት ማለት በዳኛ ፊት ነጻ ተብሎ መለቀቅ ብቻ ሳይሆን ከቆየ ደዌ መፈወስም ነው። ጽሕፈት የምትለማመዱ ወጣቶችም ፊደሉን ጠብቁ፤ ድኅነት በብዙኃኑ «ኅ» ሲጻፍ መዳን ነው፤ «ድህነት» ተብሎ ሲጻፍ ግን ችጋር ይሆናል። በአንዲት ፊደል ስሕተት ለሰው መዳንን ስንመኝለት ችጋርን እንዳንመኝለት ያስፈራል!

ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው እንዲህ ነው። አዳም ትእዛዝ አፍርሶ ከፈጣሪው በተለየ ጊዜ ሞት በእርሱና በልጆቹ ላይ ሠለጠነ። ይህ የፍዳ ዘመን 5500 ዓመት ይባላል። ከሰው ወገን ደዌውን የሚያድን አልተገኘም፤ ሐኪሙም ሕመምተኛውም ሟች ነበሩና። በመጨረሻው ሞት የማይገባው የአምላክ ልጅ ሰው ሆነ፤ በፈቃዱም ወደ ሞት ገባ። ሞት እንደ ልማዱ ሊያስቀረው ቢይዘው ሊያስቀረው አልቻለም፤ የመቃብሩ በር የተሰበረውም በውስጥ በኩል ነው። በፋሲካ ሌሊት ካህኑና ሕዝቡ እየተቀባበሉ የሚሉት ሰላምታ ነገሩን ያጠቃልለዋል፤ ሰይጣን ታሰረ፣ አዳም ነጻ ወጣ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ደስታና ሰላም ሆነ ይላል።

የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓትም ይህንኑ በቃል ሳይሆን በሥራ ያስተምራል። በሆሣዕና ዕለት ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት አስቀድሞ የሚደርስ ጸሎት ነው። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያኑ የቆመው ሁሉ፣ ሽማግሌውም ወጣቱም፣ በሕይወት ሳለ የሙታኑን ጸሎት ይሰማል ማለት ነው። በሕማማት መስቀል መሳለም የለም፤ የይሁዳ መሳም ይታሰባልና። ዓርብ እስከ ማታ ይሰገዳል፤ ሲመሽም ካህኑ ምእመኑን በወይራ ቅጠል ጠብጥቦ ተጨማሪ ስግደት ያዘዋል። ቅዳሜ ቄጠማ ታድሎ በራስ ላይ ይታሰራል፤ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ መታሰቢያ ናት። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ዶሮ ሲጮኽ ጾሙ የሚፈታው። ሥርዓቱን የሠሩት አባቶች ከመካከሉ አንዱን ቀን እንድንዘልል አልፈቀዱልንም፤ ዓርብ ሳይውል እሑድ አይነጋምና።

ወደ ወሎ እንመለስ። ከደሴ በስተሰሜን፣ በአምባሰል፣ መስቀለኛ ሆና የምትታየው የግሸን አምባ አለች። በትውፊት እንደሚነገረው በአፄ ዳዊት ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣውን ግማደ መስቀል አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት በዚያ አኖሩት። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ ዳገቱን ይወጣሉ።

ለደሴ ቅርብ የሆነው ቦሩ ሜዳ ደግሞ ሌላ ነገር ያስታውሰናል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሊቃውንቱን በዚያ ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረውን ክርክር አስጨረሱ፤ ተዋሕዶ ጸና፣ የሦስት ልደት ትምህርት ተወገዘ። ከዚያ ወዲያ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በ1906 ዓ.ም.ም ንጉሥ ሆኑ። ሌላው ግን አንዱ ሸሸ፣ አንዱ ሸፈተ፣ አንዱም በውጭ ተጠምቆ በልቡ እስልምናውን ጠበቀ።

ይህን የምናነሣው የድሮ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ነገሩ ራሱ ስለሚያስተምር ነው። ጥምቀት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከክርስቶስ ጋር መቀበርና መነሣት ነው፤ ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብቶ መውጣቱ የሦስቱ ቀን ምሳሌ ነው። የሞተው በፈቃዱ ከሆነ፣ አብሮት የሚሞተው ሰው እንዴት በአዋጅ ይገደዳል? ፈቃድ የሌለበት ጥምቀት ገላን ያረጥባል እንጂ ልብን አይደርስም።

ዛሬ በደሴና በኮምቦልቻ በአንድ ግቢ ክርስቲያንና ሙስሊም ይኖራሉ፤ በአንድ ቤተ ዘመድም ሁለቱ ሃይማኖት ይገኛል። ከሌላ አገር ተመድባችሁ የምትመጡ ወጣት ሠራተኞች ከሁሉ በፊት የምትሰሙት ነገር ቅሬ ነው። በሌላው አገር እድር የሚባለው ማለት ነው። በብዙው ቅሬ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አባል ነው፤ ሰው ሲሞት አብሮ ይሸኛል፣ አብሮ ያስተዛዝናል። የእምነቱ ልዩነት ግን ተደብቆ አይቀመጥም። እስልምና ስቅለቱን አይቀበልም፤ ክርስቲያኑ ደግሞ ያለ ስቅለት መዳን የለም ይላል። ሁለቱም ግን ሙታን ተነሥተው ለፍርድ የሚቆሙበትን ቀን ይጠብቃሉ። ልዩነትን በግልጽ አውቆ አብሮ አፈር ማልበስ ሁሉም አንድ ነው እያሉ ከማስመሰል ይበልጣል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ሐዘን ብዙ ቤት ገባ። በእንዲህ ያለ ቤት «ትንሣኤ አለ፤ አታልቅሱ» እያሉ ሐዘንተኛውን መገሠጽ ክርስትና የሚመስላቸው አሉ። ክርስቶስ ግን አልዓዛርን ሊያስነሣው እያወቀ አለቀሰ። ትንሣኤን ማመን እንባን አይከለክልም፤ ተስፋ መቁረጥን እንጂ። የሞተውን ሰው «አረፈ» የምንለውም ያረፈ ሰው ይነሣል ብለን ነው።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ይህ እምነት የሚፈተነው በፋሲካ ማዕድ ዙሪያ አይደለም። የበደለንን ሰው ይቅር ስንል ከቁጣችን አንድ ነገር ይሞታል፤ ጉቦውን ስንመልስ ከምኞታችን አንድ ነገር ይሞታል፤ ሐዘንተኛውን ስንጠይቅም ከምቾታችን አንድ ነገር ይሞታል። ሞት የመጨረሻው ቃል እንዳልሆነ ያመነ ሰው እነዚህን ትንንሽ ሞቶች አይፈራም። የሚፈራቸው ከሆነ ግን እሑድን ወድዶ ዓርብን ሸሽቷል ማለት ነው።