ከፊርማው በፊት ምርመራው ይቅደም

ለአገሩ ዳር ድንበር ዘብ የቆመ ወታደር ለልጆቹ የራሱን ጣሪያ ማቆም ቢመኝ ምኞቱ የተገባ ነው። ከወር ደመወዙ እየቀነሰ በዕቁብና በቁጠባ ያጠራቀመውን ይዞ ቤት ለመሥራት የሚነሣ ጓድ፣ ዛሬ ከሚቀርቡለት አማራጮች አንዱ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ በቦታው ላይ የሚገጣጠም ቤት ነው። ሥራው ፈጣን ነው፤ የማሳያ ቤቱም ያማልላል። ሻጩም «ዋናው ውል በኋላ ይደርሳል፤ ለጊዜው ቅድመ ውሉን ፈርመው ጥቂት ገንዘብ ያስይዙ» ይላል። ይፈረም ወይስ ይቆይ? የዛሬው የቤተሰብ ዓምድ ጥያቄ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ቅድመ ውል ራሱ ግዴታ የሚያስከትል ውል መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። በቁጥር 1885 ደግሞ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። 60,000 ብር ቀብድ የሰጠ ጓድ ሐሳቡን ቢለውጥ 60,000 ብሩ ይቀርበታል፤ ሠሪው ቢያፈገፍግ ግን 120,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህ የሚሰጠው ገንዘብ «ቀብድ» ነው ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? በምን ሁኔታስ ይመለሳል? ይህ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መስፈር አለበት።

ሁለተኛው የቦታው ጉዳይ ነው። ሠሪው የሚሸጠው ቤቱን እንጂ መሬቱን አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት እንደደነገገው መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የባለይዞታነት ማረጋገጫና የግንባታ ፈቃድ በእጁ ሳይኖር የሚፈርም ሰው፣ ማረፊያ ለሌለው ቤት ገንዘቡን አሰረ ማለት ነው። ቦታው ገና በሂደት ላይ ከሆነ «ፈቃዱ ካልተገኘ ውሉ ይፈርሳል፤ ገንዘቡም በሙሉ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ይግባ። ይህን አልጽፍም የሚል ሠሪ ቢያጋጥም መልሱ ከወዲሁ ታውቋል።

ሦስተኛው ዋጋው ነው። በማስታወቂያ የሚነገረው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከመሠረቱ በላይ ያለውን ብቻ የሚመለከት ነው። መሠረቱ፣ ማጓጓዣው፣ የውኃና የመብራት መስመሩ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ በማን ሒሳብ ነው? የ15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስስ ገብቷል? በተለይ እንደ ቢሾፍቱና አቃቂ ባለ ዋልካ አፈር በሚበዛበት አካባቢ፣ አፈሩ በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤቱ ቀላል ነውና መሠረቱም ይቅለል የሚል ምክር አደገኛ ነው፤ የሚያብጥ አፈር ይበልጥ የሚያነሣው ቀላሉን ቤት ነው። ክፍያውም በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን ተሠርቶ በታየ ሥራ ይከፋፈል፤ መሠረቱ ሲያልቅ፣ አጥንቱ ሲቆም፣ ጣሪያው ሲከደን።

አራተኛው የትዳር ጓደኛ ድርሻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደር የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ከሕጉም ባሻገር፣ ወታደር በማናቸውም ጊዜ ወደ ሌላ ግዳጅ ሊዛወር ይችላል። ያን ጊዜ ሠሪውን የምትቆጣጠረው፣ ጉድለቱን የምትመዘግበው፣ ክፍያውን የምትፈቅደው ባለቤቱ ናት። እንግዲያው ረቂቁን አስቀድማ ታንብብ፤ የተረጋገጠ ውክልናም ይሰጣት። ያላነበበችውን ውል ልታስፈጽም አይቻላትም።

የውሉን ረቂቅ ወደ ቤት ወስዶ፣ ሕግ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ፣ በሁለት ምስክሮች ፊት መፈረም ፍርሃት አይደለም፤ ጥንቃቄ ነው። «ቅናሹ ዓርብ ያበቃል» የሚለው የሻጭ ቃል የዘመቻ ትእዛዝ አይደለምና ማንንም አያስገድድም። አራቱ ጥያቄዎች በጽሑፍ ከተመለሱ ይፈረም። አንዱ እንኳ ካልተመለሰ ገንዘቡ በባንክ ይቆይ። አበው ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለታቸው ለዚህ ነው፤ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ፊርማ ሊወጣ ይችላል፤ ተመልሶ የሚጠራቀመው ግን እንደገና በዓመታት ነው።