«ሽጠው!» ማለት ጎማ አይቀይርም



ዛሬ ስለ ሞተር ሳይክል ነው የምንናገረው። «ይሄ የጎረምሳ ወሬ ነው» ብላችሁ አትለፉን፤ ነገሩ የልጆቻችሁ ነው።

በየሰፈሩ የምናየው ተመሳሳይ ነው። ልጁ ከውትድርና ሲወጣ በቆጠባት ገንዘብ ያገለገለ ትልቅ ሞተር ይገዛል፤ መቀመጫው ዝቅ፣ መሪው ሰፋ ያለ፣ «ክሩዘር» የሚሉትን። እናት ታለቅሳለች። አባት «ሽጠው! ከደጄም እንዳላየው» ይላል። ከዚያ ዝም ዝም ይሆናል። ልጁ ግን አይሸጠውም፤ ሁለት መንገድ አልፎ ያቆመዋል እንጂ።

እኛ በልጅነታችን መጥተን ዛሬ በማኅበራዊ ሥራ ከየቤተሰቡ ጋር የምንውል ሰዎች ይህን ዝምታ እንቃወማለን። ፍርሃታችሁስ ልክ ነው፤ በሞተር የሚሄድ ሰው ዙሪያውን የሚከልለው ብረት የለውም። ግን ያለቀ ጎማ በኩርፊያ አይታደስም። ተደብቆ የሚቆም ሞተር ማንም የማያየው ሞተር ነው።

«እኛ ስለ ማሽን ምን እናውቃለን?» ትሉናላችሁ። አንቀበልም። ጎንደር ሳላችሁ የበቅሎዋን ጀርባና ኮቴ ሳታዩ ጭናችሁ መንገድ ትጀምሩ ነበር? አባቶቻችን ብረት ቀጥቅጠው ለአገሩ ሁሉ ማረሻና ማጭድ ሠሩ፤ በዚያው ሙያቸው «ቡዳ» ተብለው ተሰደቡ። የቀጥቃጭ ልጆች ሆነን ዘይት የነካው እጅ ያሳፍረናል ማለት አይዋጥልንም።

ለመጠየቅ ደግሞ መካኒክ መሆን አያሻም፤ ዓይን፣ ጣትና የእጅ ባትሪ ይበቃል።

ጎማ፦ በቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ የላስቲክ እርከኖች አሉ። የጎማው ፊት ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ አልቋል። አየሩ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው።

ፍሬን፦ እጀታው ሲጨበጥ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ያ ሞተር ከቤት አይውጣ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል። «መቼ ቀየርከው?» በሉት።

ካቴና፦ አንዳንዱ ክሩዘር፣ ለምሳሌ ሃርሊ ዴቪድሰን፣ በካቴና ፈንታ ቀበቶ አለው። ካቴና ያለው ግን ይጸዳል፣ ይቀባል። ከላላ ይወልቃል፣ ከመጠን በላይ ከጠበቀም ይበላል፤ ልኩ በመመሪያው መጽሐፍ አለ።

የሞተር ዘይት፦ በብዙዎቹ የሚታየው ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። በጎን እግሩ ካዘነበለ የውሸት ልክ ያሳያል።

አልነሳ ቢለው ሙሳኽ ሄዶ ገንዘብ ከማፍሰሱ በፊት ቀይዋን ማጥፊያ፣ የጎን እግሩንና ማርሹን ይይ። ቀጭ ቀጭ ብቻ የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል።

«ቴስት አልፏል እኮ» የሚለን ወላጅም አለ። ቴስት ያን ዕለት የነበረውን ነው ያየው። ከበጋው በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ አስፋልት ላይ የከረመው ዘይትና አቧራ መንገዱን ሲያንሸራትት፣ ልጁን የሚይዘው ያን ዕለት ያለው ጎማ ነው።

«ከጠየቅሁት እኮ ፈቀድኩለት ማለት ነው» የምትሉም አላችሁ። መጠየቅ መፍቀድ አይደለም። «አልወድልህም፤ ግን ጎማህን አሳየኝ» ማለት ይቻላል። ይህን የሰማ ልጅ ሌላም ችግር ሲገጥመው ወደ ቤት ይመጣል። «ከደጄ» የተባለው ግን የት እንደሚሄድ እኛ በሥራችን እናየዋለን።

ስለዚህ ሞተሩን ወደ ደጃችሁ መልሱት፤ መብራት ባለበት፣ በምታዩት ቦታ ይቁም። ዓርብ ጠዋት፣ ቤቱ ለሰንበት ሲሰናዳ፣ አባትም እናትም አሥር ደቂቃ ወደ ታች ውረዱ። ጎማውን በጣታችሁ ዳስሱ፣ ፍሬኑን ጨብጡ፣ ካስዳውንም እዩ። ያለቀ ነገር ካገኛችሁና ልጁ ገንዘብ ካጠረው፣ ለሚቀጥለው ድግስ ከምታወጡት ላይ ቀንሱና ጎማውን ግዙለት።

ሰንበት ሰላም።