የሰው መዝገብ አደራ ነው

አባቶቻችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ገንዘብና ስለ ከብት ብቻ አይደለም። ሰው ስሙን፣ ዕድሜውን፣ መኖሪያውንና የቤተ ሰቡን ነገር ለመዝጋቢ ሲነግር ከገንዘብ የሚበልጥ አደራ መስጠቱ ነው፤ ገንዘብ ቢጠፋ ይተካልና፣ የተገለጠ ምሥጢር ግን ተመልሶ አይከደንም።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቤተ ዘመዳችን የደረሰ ነገር ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በዶሮ ማነቂያና በአካባቢው የነበሩ ብዙ ቤቶች ለኮሪደር ልማት በፈረሱ ጊዜ፣ በጊዮርጊስ ደጅ አብረው ሲሳለሙ የኖሩ ጎረቤቶች ወደ ልዩ ልዩ ሰፈር ተበተኑ። ቀድሞ የእገሌን ቤት ለማግኘት አንድ ጎረቤት መጠየቅ ይበቃ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ማን ወዴት እንደ ሄደ ለይቶ የሚያውቀው መዝገብ ብቻ ሆነ።

በዚያው ወራት የአንድ የተከበሩ ዘመዳችን ባለቤት ቤታቸውን ትታ ወጥታ ነበርና፣ እርሳቸው አዲሱን መኖሪያዋን ለማወቅ ፈለጉ። የእኅቴ ልጅ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ጠባቂ ነው። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤቴ ቡና ስንጠጣ፣ «ልጄ፣ አድራሻዋን ብቻ ከመዝገቡ አውጣልኝ፤ እኔ ባሏ ነኝ እንጂ ባዕድ አይደለሁም» አሉት። ልጁም ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እርሷ አድራሻዋን የሰጠችው ለመሥሪያ ቤቱ ጉዳይ ነው እንጂ እኔ ለዘመድ እንዳድለው አይደለም። ሽማግሌ ይላኩባት፤ አለዚያም ፍርድ ቤት ይዘዘኝ» ሲል መለሰላቸው።

አልሸሽግም፤ በዚያ ሰዓት እኔም ልጁን እንደ ትዕቢተኛ ቈጠርሁት። «ሐሰት ጻፍ አላልንህም፤ የተጻፈውን እውነት ንገረን ነው ያልንህ» ብዬም ገሠጽሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ወይዘሮዋ በወንድሟ በኩል ሽማግሌ ስትቀበል፣ ከቤቷ ያሸሻት ዱላ እንደ ነበረ ተሰማ። አድራሻዋ በእኛ እጅ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስባት እንደሚችል ሳስብ እስከ ዛሬ እሸማቀቃለሁ።

ከዚህ የተረዳሁት፣ በመዝገብ የሚሠራ በደል ሐሰት መጻፍ ብቻ እንዳልሆነ ነው። እውነት የሆነውን ነገር ከተሰጠበት ጉዳይ አውጥቶ ለሌላ ጉዳይ ማዋልም በደል ነው። በሩዋንዳ የቤልጅግ ገዢዎች በ1920ዎቹ ዓ.ም. የእያንዳንዱን ሰው ዘር በመታወቂያ ወረቀቱ ላይ አስጻፉ፤ 60 ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ፣ በ1986 ዓ.ም.፣ ገዳዮች በየኬላው መታወቂያ እየጠየቁ የሚሞተውን ለዩበት። እንግዲህ ጽሑፍ ከጸሐፊው አሳብ በላይ ዕድሜ አለው።

በአገራችንም ሕጉ ይህን ነገር ቸል አላለውም። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው ሕገ መንግሥት፣ ሕግ ካልፈቀደ በቀር ማንም የሰውን የደብዳቤ ምሥጢር እንዳይገልጥ ከልክሎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወት እንዲከበር አዘዘ። ዛሬ ደግሞ ፋይዳ ለተባለው መታወቂያ የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አሻራና የፊት ፎቶግራፍ ስለሚሰጥ አደራው ከቀድሞው ከብዷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መረጃ ለታወቀ ጉዳይ፣ ለዚያም ጉዳይ በሚበቃው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ፣ ከሚያስፈልገውም ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ ደንግጓል፤ የመቈጣጠሩም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ይሁን እንጂ አዋጅ በእያንዳንዱ ጸሐፊ አጠገብ ሊቆም አይችልም። በኮምፒዩተሩ ፊት ብቻውን የተቀመጠውን ወጣት የሚጠብቀው ከቤቱ ይዞት የወጣው ምግባር ነው። ስለዚህ መዝገብ ጠባቂ ዘመድ ያለን ሰዎች፣ «ለእኔ ብቻ» እያልን አናስጨንቀው። የቤት ሠራተኛ ስንቀጥር የተቀበልነውን የመታወቂያ ግልባጭ እርሷ ሳትፈቅድ በስልክ ለሌላ ሰው አናስተላልፍ። ሹማምንትም የሰውን መዝገብ ስናስመጣ፣ «ይህ የተሰጠው ለምን ጉዳይ ነበር?» ብለን አስቀድመን ራሳችንን እንጠይቅ።

እኔም የእኅቴን ልጅ፣ በገሠጽሁበት በዚያው ቤት፣ በዘመዶቻችን ፊት ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።