ድንኳኑ አንድ፣ ለቀስተኛው ሁለት



ባለፈው ወር በሠፈራችን በደረሰው ሐዘን ላይ ያየነው ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በፖለቲካ የሚስማሙት በወዲህ፣ ሌሎቹ በወዲያ ተቀመጡ፤ የመሐል አግዳሚዎች ባዶ ቀሩ። ሟች እኮ የሁላችንም ጎረቤት ነበሩ!

የሐሳብ ልዩነት ነውር አይደለም። ዴሞክራሲ ማለትም ሁሉም አንድ ዓይነት ያስብ ማለት ሳይሆን፣ የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ሳይገዳደሉ የሚኖሩበት ደንብ ነው። ክፉው ነገር በሐሳብ የተለየንን ሰው ከነልጁ፣ ከነሰላምታው መጥላት ስንጀምር ነው።

ይህ ወዴት እንደሚያደርስ ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢሕአፓና በመኢሶን ተሰልፈው የተላለቁት ወጣቶች ብዙዎቹ የአንድ ሠፈር ልጆች፣ የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነበሩ። ሁለቱም ሶሻሊዝምን ይሹ ነበር። ኢሕአፓ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ሲል፣ መኢሶን ለጊዜው ከደርግ ጋር መሥራት ይሻላል አለ። ክርክሩ ወደ ጥይት ተለወጠ። መኢሶንም ቢሆን በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ ከደርግ ተጣልቶ ኅቡዕ ሲገባ ተራው ደረሰው። የሟቾቹ ፎቶግራፎች ዛሬ መስቀል አደባባይ ባለው የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተሰቅለዋል። ሄዶ ማየት ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ሕዝብ የዚህም የዚያም ደጋፊ ሳይል በአንድ ሰልፍ ቆሞ መረጠ፤ 23ቱንም የከተማዋን የፓርላማ ወንበሮች ቅንጅት አሸነፈ። ነገር ግን በአገር አቀፉ ውጤት ላይ በተነሣው ውዝግብ፣ በዚያው ዓመት ሰኔና በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹም በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ነው። ከዚህ የምንማረው፣ መምረጥ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቆጠራው መታመን፣ ያሸነፈም የተሸነፈም ደንብ ማክበር አለበት።

ታዲያ እኛ ተራ ሰዎች ምን እናድርግ? «ሺህ ቢታለብ ያው በገሌ» ብለን እንቀመጥ? አይሆንም። ሊቀመንበር የምንመርጥበት፣ ገንዘብ ያዡን ሒሳብ የምንጠይቅበት እድር በእጃችን አለ። እድራችን ሰው ሲሞት «የማን ደጋፊ ነበር?» ብሎ አያውቅም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ አዲስ ኮሚቴ ይመረጣል። ከወዲሁ «የኛ ሰዎች»፣ «የነሱ ሰዎች» የሚል ዝርዝር በየቤቱ እየዞረ መሆኑን ሰምተናል። ስለዚህ በበኩላችን የምናሳስበው የሚከተለውን ነው፦

ዕጩ የሚመዘነው በታማኝነቱና በሥራው ይሁን። ድምፅ በምስጢር ወረቀት ይሰጥ፤ ቆጠራውም የሁለቱም ወገን ታዛቢዎች ባሉበት በአባላት ፊት ይሁን። የተሸነፈ ወርሐዊ መዋጮውን አያቋርጥ፤ ያሸነፈም ሒሳብ ተቆጣጣሪውን ከሌላው ወገን ለመቀበል አይፍራ። በስልክ የመጣ ወሬም ከማስተላለፋችን በፊት «ማን አየ?» ብለን እንጠይቅ።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ኩርፊያ ግን ይነቅዛል። ሰላምታ ያቋረጣችሁ ጎረቤቶች፣ ቀድሞ ደጅ ያንኳኳ ተሸነፈ አይባልምና ዛሬውኑ አንኳኩ። በሚቀጥለው ድንኳን የመሐሉ አግዳሚ ባዶ እንዳይቀር፣ አደራ!